አንዳንዴ የምትነሳ፣ አንዳንዴ እምቢ የምትል ላፕቶፕ

እቺ ላፕቶፕ እኔ ጋር ከመጣች አስር ዓመት አልፏታል። ኪቦርዷን ጨለማ ውስጥ ሁሉ እጄ ያውቀዋል፣ ራሟን (ስትሰራ የምትጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አሳድጌላታለሁ፣ ሃርድ ዲስኳን በኤስኤስዲ ቀይሬላታለሁ፣ ለምሰራው ስራ ዛሬም ትበቃኛለች፣ ስለዚ ልጥላት ሀሳቡም የለኝም። ያስቸገረችኝ መነሳት ላይ ነው። ጠዋት ማብሪያውን ስጫን መብራቷ ቦግ ይላል፣ ፋኑ ሁለት ሶስት ሰከንድ ሽው ይላል፣ ከዛ ድርግም። ደግሜ ስጫን አንዳንዴ ትነሳለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር እንዳለ ይቀራል፣ ሶስቴ አራቴ ስሞክር በቃ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብላ ዊንዶውስ ትገባለች፣ አንዴ ከገባች በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብሰራባት፣ አስር ጊዜ ሪስታርት ባደርጋት ቅር አይላትም።

እንዲህ አይነት ብልሽት ጨርሶ ከሞተ ማሽን ይብሳል፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። ጨርሶ የሞተ ማሽን በፈለጋችሁ ሰዓት ትመረምሩታላችሁ፣ አንድ ነገር ስትቀይሩ ሰራ ወይ አልሰራ ወዲያው ታያላችሁ። ይሄኛው ግን ይደበቃል። ለሚያውቅ ሰው ላሳይ ብዬ ስወስዳት በአንድ ንክኪ ትነሳለች፣ ልክ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዝ ያደረ ጥርስ ሀኪሙ በር ላይ ስትደርሱ ጸጥ እንደሚለው። ሰውየውም ምንም የለባት ብሎ ይመልስልኛል፣ በማግስቱ ጠዋት ያው ነው።

መጀመሪያ ያደረኩት ነገር ስህተት ነበር እና ሌላ ሰው እንዳይደግመው እጽፈዋለሁ። ፎርማት አደረኳት። ላፕቶፕ ሲያስቸግር ፎርማት ማድረግ ልማድ ሆኖብን፣ እኔም ሳላስብ ሁለት ቀን ሙሉ ዊንዶውስ እየጫንኩ፣ ፕሮግራሞቼን እየመለስኩ፣ ፓስወርድ እየፈለኩ አሳለፍኩ። በሶስተኛው ቀን ጠዋት ቦግ፣ ሽው፣ ድርግም።

እዚህ ጋር ቆም ብዬ ማሰብ የነበረብኝ ነገር አለ። ማብሪያው ሲጫን መጀመሪያ ማዘርቦርዱ (ሁሉም እቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ላይ ያለች ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ ነች ትዕዛዙን የምትቀበለው፣ ከዛ የተለያዩት ቮልቴጆች በቅደም ተከተል ይበራሉ፣ ፕሮሰሰሩ ይነቃል፣ ባዮስ የሚባለው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ማስነሻ ፕሮግራም ስራ ይጀምራል፣ ራሙን ያገኛል፣ ስክሪኑን ያበራል፣ የካምፓኒው ሎጎ ይመጣል፣ ዲስኩን የሚፈልገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ከዲስኩ ነው የሚነሳው። ስለዚ ሎጎው ሳይመጣ የቀረ ማሽን ላይ ዊንዶውስ ገና ተራው አልደረሰም። ቫይረስም ቢኖር፣ ድራይቨሩም ቢበላሽ፣ ሎጎው እንዳይመጣ ሊያደርግ አይችልም ማለት ይቻላል። ሎጎው መጥቶ ክቧ ነጥብ እየዞረች የሚቀር ከሆነ ግን ያኔ ወደ ዲስክ እና ወደ ዊንዶውስ መሄድ ነው። የኔዋ ከሎጎው በፊት ነበር የምትሞተው፣ እና ሁለት ቀን በማይመለከተው ቦታ ሰራሁ።

እርግጥ አንድ የዊንዶውስ ነገር አለ መጀመሪያ ከመንገድ መውጣት ያለበት። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ2012 ወዲህ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሻትዳውን ስትሉት እውነተኛ ሻትዳውን አያደርግም፣ የሲስተሙን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ በማግስቱ ያንን መልሶ ያነባል። ሪስታርት ስትሉት ግን ከባዶ ነው የሚነሳው። ሪስታርት ሳደርገው ጥሩ ነው፣ አጥፍቼ ሳበራው ነው የሚያስቸግረኝ የሚል ሰው በሙሉ መጀመሪያ ይሄን ማጥፋት አለበት፣ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ጋር ነው ያለው፣ አንድ ምልክት ማንሳት ብቻ ነው። አጠፋሁት። ለውጥ የለም፣ ግን ቢያንስ አንድ ጥርጣሬ ተቀነሰልኝ፣ ከዛ በኋላ አጠፋኋት ስል በእውነት ጠፍታ ነው።

ሌላው ከምንም በፊት መደረግ ያለበት ባክአፕ ነው። እንዲህ የምታስቸግር ማሽን በተነሳች ቁጥር ያ የመጨረሻዋ ሊሆን ይችላል ብላችሁ አስቡ፣ ፎቶውንም ስራውንም ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ፣ ከዛ ነው ካቻቢቴ የሚነሳው። እኔ ከፎርማቱ በፊት ገልብጬ ስለነበር በዛ አልተጎዳሁም።

ከዛ ደብተር ገዛሁ። ደብተር ስል እውነተኛ ባለ መስመር ደብተር፣ እስክሪፕቶው አብሮ የታሰረበት፣ ላፕቶፗ አጠገብ የሚቀመጥ። ምክንያቱም ሀሳቤ ውስጥ የነበረው ሁሉ ግምት ነበር፣ ሲበርድ ነው መሰለኝ፣ ቻርጀሩ ነው መሰለኝ፣ ሰኞ ሰኞ ይብሳል መሰለኝ። አንድ ሰው መጥቶ ከአስር ጊዜ ስንት ጊዜ ነው እምቢ የምትለው ቢለኝ መልስ አልነበረኝም። የተበሳጨሁበት ቀን ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ፣ በሰላም የተነሳችበትን ማን ያስታውሳል።

ዓምዶቹን እንዲህ ነው ያሰመርኳቸው። ቀን። ስንት ሰዓት ጠፍታ ቆየች። ቻርጀሩ ተሰክቶ ነው ያደረው ወይስ ተነቅሎ። ከቦርሳ ነው የወጣችው ወይስ ጠረጴዛ ላይ ሳትነቃነቅ ነው ያደረችው። በስንተኛው ሙከራ ተነሳች። የመጨረሻው እና ሰፊው ዓምድ ደግሞ እምቢ ስትል በትክክል ምን ሆነች የሚል ነው፣ አልሰራችም ብሎ መጻፍ ክልክል ነው ብዬ ለራሴ ህግ አወጣሁ። መብራቱ ምን አደረገ፣ ፋኑ ስንት ሰከንድ ዞረ፣ ድምጽ ነበረ ወይ፣ ካፕስ ሎክ ላይ ያለችው መብራት ምን አለች። ይሄ የመጨረሻው ዓምድ ነው ኋላ ላይ ነገሩን ሁሉ የፈታው።

ሁለት ሳምንት ምንም ሳልነካ ብቻ ጻፍኩ። ከባድ ነው ይሄ፣ እጅ ይበላል፣ ከፍቼ ልየው ልየው ይላል። ግን ቀድሞ የነካችሁት ነገር ካለ ያስተካከለውም ያበላሸውም ምን እንደሆነ አታውቁም፣ ስለዚ ታገስኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፍታ ከቆየች በኋላ ያበራኋት 26 ጊዜ ነው፣ አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ ለሰዓታት አጥፍቼ ሁለቴ እሞክራት ነበር። ከ26ቱ 9ኙ ላይ እምቢ ብላለች፣ ሶስት ጊዜ ስትበራ አንዴ ማለት ነው በግምት።

እና ዘጠኙን መስመር ብቻ ለይቼ ሳነባቸው ገረመኝ። አንድ አይነት ብልሽት አልነበረም! በአምስቱ ቦግ ብላ ድርግም ነው፣ ሁለተኛ ስጫናት ትነሳለች። በአራቱ ግን አትጠፋም፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ካፕስ ሎኳ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ማብሪያውን ይዤ ካላጠፋኋት እንደዛው ትቀራለች። እኔ ለወራት ሁለቱንም አንድ ላይ አልነሳም አለች ብዬ ነበር የምጠራቸው። አንድ ስም ስለሰጠኋቸው አንድ ምክንያት ነው የፈለኩላቸው።

ከዛ ሌሎቹን ዓምዶች አየሁ። አምስቱም ድርግሞች ቻርጀሩ ተነቅሎ ባደረበት ጠዋት ነው። በጠቅላላው ተነቅሎ ያደረው 7 ጊዜ ነበር፣ ከሰባቱ አምስት። ተነቅሎ ባላደረባቸው 19 ጊዜዎች አንድም ድርግም የለም። አራቱ ጥቁር ስክሪኖች ደግሞ በሙሉ ከቦርሳ በወጣችበት ቀን ነው፣ ከ8 ጊዜ አራቱ፣ ጠረጴዛ ላይ ሳትነቃነቅ ከቆየች ጥቁር ስክሪን የሚባል አልታየም። ማንም ባለሙያ ሳይነግረኝ፣ አንድ ብሎን ሳልፈታ፣ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንዳሉ እና እያንዳንዳቸው በምን እንደሚነሱ ወረቀት ላይ ተቀምጦ አየሁት። በዛች ማታ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም፣ ማሽኗ ገና አልተሰራችም እኮ፣ ግን ነገርየው መልክ ያዘ።

የመጀመሪያውን ልንገራችሁ። የኔ ላፕቶፕ ዋና ባትሪዋ የለም፣ ካበጠ በኋላ አውጥቼ በቻርጀር ብቻ ነው የምጠቀመው። (ያበጠ ባትሪ ካያችሁ፣ ታችፓዱ ወደላይ ከተነሳ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ አንድ ቀንም አትጠብቁ፣ ቻርጅ ማድረግ አቁማችሁ አውጡት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ በእሳት ነው የሚጫወቱት።) ስለዚ ቻርጀሩ ሲነቀል ማዘርቦርዱ ላይ ሰዓቱን እና የባዮሱን ሴቲንግ ይዛ የምታድረው አንዲት ሳንቲም የምታክል ባትሪ ብቻ ነች። እሷ ከደከመች ሌሊት ላይ ሁሉም ይረሳል። ጠዋት ባዮሱ ሲነቃ የተቀመጠው ነገር ትርጉም አይሰጠውም፣ የፋብሪካውን ሴቲንግ ይጭናል፣ እና ብዙ ማሽኖች በዚህ ጊዜ ራሳቸውን አጥፍተው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳሉ ወይም ጠፍተው ይቀራሉ። ሁለተኛ ስትጫኑ ቻርጀሩ አለ፣ ሴቲንጉ ተጽፏል፣ ትነሳለች።

ይሄን ካወኩ በኋላ ለወራት ያለፈኝ አንድ ምልክት ትዝ አለኝ። አንዳንድ ጠዋት ብሮውዘሩ ሁሉንም ዌብሳይት አልከፍትም ይል ነበር፣ ኮኔክሽኑ አስተማማኝ አይደለም እያለ። ኢንተርኔቱ ነው ብዬ ራውተር አጥፍቼ አበራ ነበር። ምክንያቱ ሰዓቱ ነበር፣ ላፕቶፗ ጃንዋሪ 1 2012 ላይ ነች፣ ዌብሳይቶቹ የሚያሳዩት ሰርተፊኬት ደግሞ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሰራ ቀን ተጽፎበታል፣ በማሽኗ ቀን ገና አልተሰጠም። ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ ያስተካክላል ግን ሁሌ ወዲያው አይደለም፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሲያስተካክለው ችግሩ ስለሚጠፋ ራውተሩን ማጥፋቴ የሰራ ይመስለኝ ነበር። ታች ጥግ ላይ ያለውን ቀን አንዴ ባየው ኖሮ ያኔውኑ አውቀው ነበር። ያረጀ ላፕቶፕ ያላችሁ ጠዋት ላይ ከምንም በፊት ሰዓቱን እዩት።

ከፈትኳት። ከመክፈት በፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ፣ እጃችሁን ደግሞ አንድ ብረት ነገር አስነኩ። ብሎኖቹን ወረቀት ላይ የላፕቶፗን ጀርባ ስዬ በየቦታቸው ነው ያስቀመጥኳቸው ምክንያቱም ርዝመታቸው አንድ አይደለም፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አጥብቃችሁ ካስገባችሁት ማዘርቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። ባትሪዋ ጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልላ፣ ቀይ እና ጥቁር ቀጭን ሽቦ ወጥቶላት፣ ጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሶኬት ነበራት። ብዙ ላፕቶፖች እንደዚህ ናቸው፣ ዴስክቶፕ ላይ ግን ባዶዋን ተሰክታ ነው የምትገኘው። በመልቲሜትር ስለካት 1.7 ቮልት። አዲስ ሲሆን ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ስለዚ እቺ አልቆላታል። ልብ በሉ፣ 2.9 ቢልም ጤነኛ ነች ማለት አይደለም፣ መልቲሜትር ብዙም ከረንት ስለማይስብ የደከመች ባትሪም ጥሩ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች።

ላይዋ ላይ ሲአር2032 ይላል። ቁጥሩ ልኳ ነው፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ሲአር2025 እና ሲአር2016 ስፋታቸው አንድ ሆኖ ቀጠን ይላሉ፣ ቮልታቸውም ያው 3 ነው፣ ግን ጉልበታቸው ያንሳል፣ ባዶዋን በምትሰካው ላይ ደግሞ ላላ ብለው ሌላ ችግር ያመጣሉ። ባለ ሽቦዋን እንደዛው ባለ ሽቦ ግዙ፣ ሽቦውን በካውያ ባትሪዋ ላይ ለመበየድ አትሞክሩ፣ ሙቀቱ ሊያፈነዳት ይችላል። አሮጌዋንም ዝም ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ፣ ህጻን ከዋጣት ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጉሮሮን ማቃጠል ትጀምራለች፣ ያለቀ የሚመስለን ባትሪም ይሄን ያደርጋል። እኔ በፕላስተር ጠቅልዬ ነው ያስወገድኳት።

ቀየርኩ። ቻርጀሩን ነቅዬ አሳደርኳት፣ ተነሳች። ሁለተኛ ቀን ተነሳች፣ ሶስተኛ ቀን ተነሳች። በአራተኛው ቀን ይዣት ወጥቼ ስመለስ ጥቁር ስክሪን።

ደብተሩ ባይኖር ኖሮ እዚህ ጋር ምን እንደማደርግ አውቀዋለሁ፣ ባትሪው አይደለም ማለት ነው ብዬ ደምድሜ ሌላ ነገር መቀያየር ነበር የምጀምረው፣ ምናልባትም ማዘርቦርዱ ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ እተዋት ነበር። ሁለት ብልሽት ባንድ ላይ ሲኖር አንዱን ብትጠግኑም ሌላኛው ጥገናችሁን ያስተባብለዋል። መጨረሻው ዓምድ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ጥቁር ስክሪን፣ ካፕስ ሎክ ብልጭ ድርግም፣ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ከቦርሳ የወጣች። ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው በቦታው እንደተጠገነ አለ።

የካፕስ ሎክ ብልጭታ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ዝም ብሎ አይደለም፣ ስክሪን ማብራት ያልቻለ ባዮስ ችግሩን የሚናገርበት ነው፣ አንዳንዱ በብልጭታ፣ አንዳንዱ በጢጥ ጢጥ ድምጽ። ስንቴ እንደሆነ ቆጥራችሁ የማሽናችሁን ሰርቪስ ማኑዋል ብታዩ ትርጉሙን ታገኛላችሁ፣ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የሌላ ሰው ቁጥር አይጠቅማችሁም። የኔዋ ራም ላይ ነው የጠቆመችው።

አሁን ራም ተበላሸ ቢባል ሁሉም ሰው የሚያደርገው ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኖ ማስኬድ ነው። አስኬድኩት፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ አራቱንም ዙር፣ አንድም ኤረር የለም። እዚህ ጋር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቴስቱ የሚያየው ማሽኗ ከተነሳች በኋላ ነው፣ ከተነሳች ደግሞ በዛች ሰዓት ራሙ በደንብ ነክቷል ማለት ነው። ቺፑ ጤነኛ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ መሰኪያው ጤነኛ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ቦርሳ ውስጥ ስትንቀሳቀስ ብቻ የሚመጣ ችግር ደግሞ የመነካካት ችግር ነው የሚመስለው።

ሁለት ራም ነው ያላት፣ ባለ 4 ጊጋ፣ ዲዲአር3። ክዳኑን ከፍቼ ወዲያው ማውጣት አልፈለኩም፣ መጀመሪያ በስልክ መብራት ከጎን አየሁት። የላፕቶፕ ራም በግራ እና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን የብረት ጆሮዎች ናቸው የሚይዙት፣ ሲጫኑት ቀጭ ብለው ጎኑ ላይ ያሉት ግማሽ ክብ ጎድጓዶች ውስጥ መግባት አለባቸው። ላይኛው ራም ላይ የቀኙ ጆሮ ገብቷል፣ የግራው ግን ግማሽ ሚሊሜትር የምታክል ቀርታዋለች። በጣት ስነካው ራሙ በግራ በኩል እንደ ላላ ጥርስ ትንሽ ይነቃነቃል። ሁለቱን ጆሮዎች ወደ ውጭ ለቀቅ ሳደርጋቸው ራሙ ብድግ አለ፣ ሳወጣው ጥጉ ላይ፣ መሰኪያው ውስጥ፣ ግራጫ የአቧራ እና የክር ድብልቅ ተጠቅጥቆ አገኘሁ፣ ከፋኑ አቅጣጫ ሲከማች የኖረ መሰለኝ። እሱ ነው ራሙ ጠልቆ እንዳይገባ ያደረገው። ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ይነካል፣ ቦርሳ ውስጥ ቦርዱ ትንሽ ሲጠማዘዝ ይለቃል።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እና በታሸገ አየር አወጣሁት፣ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ አለው። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ክር በማይለቅ ጨርቅ እና በአልኮል ጠረግኩ፣ ጨርቁ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። ብዙ ሰው ላጲስ ነው የሚጠቀመው፣ ይሰራል፣ ግን ወርቁ በጣም ስስ ነው፣ ደጋግማችሁ ከፈገፈጋችሁት ይላጣል፣ ብናኙም መሰኪያው ውስጥ ይቀራል፣ እኔ አልኮል ይሻላል ባይ ነኝ። እስኪደርቅ ጠብቄ በሰያፍ አስገብቼ፣ ወደ ታች ተጭኜ፣ ሁለት ቀጭ ሰማሁ። ሁለት። ያለፈው ጊዜ ራም ሳሳድግላት ስንት ቀጭ እንደሰማሁ አላስታውስም።

አንድ ራም ብቻ እያስገባችሁ መሞከርም ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ አንዱን ራም በአንዱ መሰኪያ፣ ከዛ በሌላው መሰኪያ፣ ከዛ ሁለተኛውን ራም እንደዛው። ችግሩ ራሙን ከተከተለ ራሙ ነው፣ መሰኪያው ላይ ከቀረ መሰኪያው ነው። እኔ ጋር ምክንያቱ በዓይን ስለታየ አላስፈለገም።

አሁን መቼ ነው ተጠገነች የሚባለው? ይሄ ጥያቄ ከጥገናው እኩል ያሳስበኛል ምክንያቱም ብዙ ሰው ሶስት ቀን ጥሩ ከሆነ ተሰራ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ደግሞ እሱን አምኖ ያንኑ እቃ ይገዛል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ከሶስት ጊዜ አንዴ እምቢ የምትል ማሽን ምንም ሳይደረግላት ሶስት ጊዜ በተከታታይ በሰላም የመነሳት እድሏ ሁለት ሶስተኛ ሲባዛ በሁለት ሶስተኛ ሲባዛ በሁለት ሶስተኛ ነው፣ ወደ 30 ፐርሰንት ይመጣል። ስለዚ ሶስት ቀን ምንም ማለት አይደለም። አስር ጊዜ በተከታታይ ከሆነ ግን በእድል ብቻ የመሆኑ ነገር ከ2 ፐርሰንት በታች ይወርዳል። እሱም ቢሆን ችግሩ የሚመጣበትን ሁኔታ እየደገማችሁ ከሆነ ነው፣ እኔ ቻርጀሩን ሰክቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መቶ ጊዜ ባበራት ምንም አላረጋገጥኩም። ለዚህ ነው ሆን ብዬ እየነቀልኩ ያሳደርኳት፣ ሆን ብዬ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ደረጃ የወጣሁ የወረድኩባት። የቦርሳው ብልሽት ከሁለት አንዴ ይመጣ ስለነበር አስር ጊዜ በተከታታይ በእድል ማምለጥ ከ1024 አንድ ነው።

የናንተ ላፕቶፕ ሌላ ምልክት ካላት ሌላ ነገር ነው የምትፈልጉት። ሎጎው መጥቶ የምትቀር ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ ጭናችሁ የዲስኩን ጤና እዩ፣ ሪአሎኬትድ እና ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉት (የተበላሹ እና የተጠረጠሩ የዲስክ ቦታዎች) ቁጥሮች እየጨመሩ ከሆነ ዲስኩ እየሄደ ነው፣ ድሮ በሃርድ ዲስክ ዘመን ደግሞ ዲስኩን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ኬብል ብቻውን ሲያበላሽ አይቻለሁ። እየሰራችሁ ድንገት የምትጠፋ ከሆነ ኢቨንት ቪውወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል መልዕክት ታገኛላችሁ፣ እሱ ግን በአግባቡ ሳይጠፋ ነው የጠፋው ከማለት ውጪ ምክንያቱን አይናገርም፣ 41 አለ ብላችሁ ፓወር ሳፕላይ አትቀይሩ። ቻርጀር ከጠረጠራችሁ ቮልቱን መለካት ብቻውን አይበቃም፣ ምንም ሳይሰካበት 19.5 የሚያሳይ ቻርጀር ማሽኑ ከረንት ሲስብበት ሊወድቅ ይችላል፣ በዋት እኩል ወይም በላይ የሆነ ደህና ቻርጀር ተውሳችሁ ለአንድ ሳምንት መሞከር ነው።

የሚከብደው ከቀዘቀዘች የማትነሳ፣ ስትሞቅ ግን የምትነሳው ነች። ያረጁ ካፓሲተሮች በብርድ ይብስባቸዋል፣ የተሰነጠቀ ብየዳም ሲሞቅ ሰፋ ብሎ ይነካካል። ያኔ ስራው ማዘርቦርድ የሚበይድ ሰው ነው። በጸጉር ማድረቂያ ማሞቅ ወይም ቦርዱን ኦቨን ውስጥ መክተት የሚባለውን እባካችሁ አታድርጉት፣ ቢሰራም ለሳምንታት ነው፣ ያልተበላሸውንም ያበላሻል፣ ጭሱም ምግብ በሚሰራበት ነገር ውስጥ የሚገባ አይደለም።

እኔ ከራሙ በኋላ አስር ጊዜ ላይ አላቆምኩም። ደብተሩ ቀጥሏል፣ አሁን አንድ መስመር ለመጻፍ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ዛሬ ጠዋት 41ኛው ነው። ቻርጀሩ ተነቅሎ አድሯል፣ ከቦርሳ ነው የወጣችው፣ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሳች፣ ሰዓቱ ልክ ነው። ሰፊው ዓምድ ባዶ ነው።